ተቃዋሚ በሹመት ይቀመጥ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ የሕዝብ ጉዳይ የሚወስን ቦርድ ወይም ኮሚቴ ከአባላቱ አንዱን «ያንተ ሥራ መቃወም ነው» ብሎ በመተዳደሪያ ደንቡ ይመድብ? ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ። ስድብ ይዞ የመጣ ይሰናበታል።

የማታ ተማሪ፦ ይመደብ! አዲስ ነገርም አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1587 (ዓመቶቼ በፈረንጅ ናቸው) ለቅድስና የታጨን ሰው ጉዳይ የሚሞግት ሹም አቁማለች። «የሰይጣን ጠበቃ» ይሉታል። ሚናው በጣም የተቀነሰው በ1983 ነው። ይህን ያህል ዘመን ያቆዩት በከንቱ አይመስለኝም።

ዝምተኛዋ፦ ለእኔ ቲያትር ነው። አንድ ኮሚቴ ውስጥ ተመድቤ አይቼዋለሁ። ሰብሳቢው «እስቲ ተቃዋሚያችን» ይላል፣ ሁሉም ፈገግ ይላል። እኔ ስናገር እሱ የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል ይዘጋል። ስጨርስ «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደ ፊርማ። አንድ ቀን ከልቤ ተቃወምኩ። ማንም አላመነኝም፤ ሥራዋ ነው ተባለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሻርላን ኔሜትና ባልደረቦቿም በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ከልቡ የሚቃወም ሰው ያለበት ቡድን ተመዳቢ ካለበት የተሻለ ሐሳብ ያፈልቃል ብለዋል።

የማታ ተማሪ፦ እህቴ፣ ከልቡ የሚቃወም ከየት ይምጣ? ሁሉ ፈሪ በሆነበት ቤት ተመዳቢም ይሻላል።

ቁጥር ወዳጅ፦ ሁለታችሁም «ማን ይቃወም» ላይ ተጣበቃችሁ። ቻሌንጀር የተባለችውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አስቡ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ የሮኬቱ መሐንዲሶች «ብርዱ የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹን ያደነድናል፣ አትነሳ» ብለው ተከራከሩ። ተቃዋሚ አልጠፋም! ወትሮ ደህና መሆኑን አሳዩ ይባሉ የነበሩ ሰዎች ግን ያን ማታ አደገኛ መሆኑን አሳዩ ተባሉ። የማስረዳት ሸክሙ ዞረባቸው። የሮኬቱ ሠሪ ድርጅት ሥራ አስኪያጆች ለብቻቸው ተማክረው «ትነሳ» አሉ። በማግስቱ መንኮራኩሯ በ73 ሰከንድ ተበታተነች። ሰባት ሰው።

ሌላም ጉድ አለ። ቀለበቱ የተጎዳባቸውን በረራዎች ብቻ ደርድራችሁ ካያችሁ ብርድና ጉዳት የተያያዙ አይመስሉም። ደህና የተመለሱትን ስትጨምሩስ? ወደ 19 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከነበሩት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ነው። ወደ 17ና ከዚያ በታች የነበሩት ግን 4 ናቸው፤ አራቱም ተጎድተዋል። ማስረጃው እጃቸው ላይ ነበር። «ያልተጎዱትስ?» የሚል ጠፋ።

የማታ ተማሪ፦ ይሄኛው ገባኝ። ግን ሸክሙ ሁልጊዜ «እናድርግ» ባዩ ላይ ከወደቀ ምንም ነገር አይነቃነቅም። አለማድረግም እኮ ውሳኔ ነው፤ የሚጎዳው ሰው አለ።

ቁጥር ወዳጅ፦ ልክ ነህ። እኔ የምለየው በሚመለስና በማይመለስ ነው። ነገ ልታርመው የምትችለውን ዛሬ ሞክረው፣ ማስረጃ አላበዛብህም። የማይመለስ ከሆነ ግን «እናድርግ» ያለው ያስረዳ።

ዝምተኛዋ፦ እንዲህ ከሆነ ሹመቱ ይቅርብኝ። ክርክሩ ሳይጀመር ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ይጻፍልኝ፦ «ማስረዳት ያለበት ማን ነው?»

የማታ ተማሪ፦ ቃለ ጉባኤውን የሚያጸድቀው ማን ሆነና? ያው ባለ እስክሪብቶው ሰብሳቢሽ ነው።

ዝምተኛዋ፦ 😂 እሱን አላሰብኩትም።