በአሮጌ ስልክ የማይሠራ የማዘዣ ገጽ፦ ከየት ልጀምር?

ከዚራ፦
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች! እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላለ አንድ ጅምላ አከፋፋይ የዋጋ ዝርዝርና የማዘዣ ገጽ እየሠራሁ ነው። በእኔ ስልክ ቆንጆ ሆኖ ይከፈታል። ገንደ ቆሬ ያሉ አንዲት ባለሱቅ ግን የያዙት አንድሮይድ 4.4 ነው። እሳቸው ጋ ዕቃዎቹ ተጣብቀው ይታያሉ፣ «እዘዝ» የሚለውን ሲጫኑት ዝም። አንዳንድ ደንበኛ ደግሞ ገና ሲገባ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይለዋል።

ሳቢያን፦
አቦ፣ ብሮውዘራቸውን አፕዴት ያድርጉ በላቸው።

ጁገል፦
አይሆንም ወንድሜ። አንድሮይድ 4.4 ላይ ክሮም 81 ላይ ቆሟል፣ አንድሮይድ 5 ላይ ደግሞ 95 ላይ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ይቀይሩ ማለት ነው። ያ ብር ለባለሱቅ የዕቃ መግዣ ነው።

ከዚራ፣ መጣበቁ ቀላል ነው። ፍሌክስቦክስ (ገጹ ላይ ዕቃዎችን የሚደረድር ዘዴ) ውስጥ በጋፕ (በዕቃዎቹ መካከል ክፍተት የሚያደርግ ትእዛዝ) ክፍተት ሰጥተህ ይሆናል። ክሮም ያንን የቻለው ከ84 ጀምሮ ነው። በማርጂን (በየዕቃው ዙሪያ በሚሰጥ ክፍተት) ተካው።

ዋናው ቁልፉ ነው። ብሮውዘር የማያውቀው የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን ኮድ) መስመር ሲገጥመው ዘሎት ያልፋል። ጃቫስክሪፕት (ቁልፉን ሲጫኑ ሥራ የሚያሠራው ኮድ) ላይ ግን አንድ የማያውቀው አጻጻፍ ካለ ፋይሉን እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ ማዘዣውን መጀመሪያ ያለ ጃቫስክሪፕት ሥራው። ተራ የኤችቲኤምኤል ፎርም፣ ብዛት የሚሞላበት ሳጥን፣ መላኪያ ቁልፍ። ድምሩን ሰርቨሩ ይሥራው። ማሳመሪያውን ከዚያ በኋላ ጨምርበት። ጃቫስክሪፕትን በከፊል ብቻ በሚያሠራው ቀላል ብሮውዘር፣ በኦፔራ ሚኒ የሚገቡትም እንዲህ ከሆነ ያዝዛሉ።

መጋላ፦
ማስጠንቀቂያው ከኮድህ አይመስለኝም። መጀመሪያ የስልኩን ቀን እይ፤ ባትሪው አልቆ ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ያው መልእክት ይመጣል። ቀኑ ልክ ከሆነ ሰርተፊኬትህ (የገጹን ማንነት ለብሮውዘር የሚያረጋግጠው) ከሌትስ ኢንክሪፕት (በነጻ ሰርተፊኬት ከሚሰጠው ድርጅት) ነው? ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች የእነሱን ሩት (ሌሎቹ ሰርተፊኬቶች የሚታመኑበት ዋና ሰርተፊኬት) አያውቁትም። ስልኮቹ በሚያውቁት የድሮ ሩት በኩል ያሻግራቸው የነበረው ፊርማም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 አብቅቷል። አሮጌ ስልኮች የሚያውቁት ሩት ካለው ሌላ ሰጪ ውሰድ።

ከዚራ፦
ተባረኩ! በማርጂን ሲሆን ዕቃዎቹ ተለያዩ። ሰርተፊኬቱም ከሌትስ ኢንክሪፕት ነው፣ እቀይረዋለሁ። የመደብሩ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው፣ ያስቸግራል?

ጁገል፦
እስከ ክሮም 109 ይወስዳል፣ አታስብ። ፎርሙን ስትጨርስ ግን ገንደ ቆሬ ወርደህ በሴትዮዋ ስልክ ሞክረው። ኮምፒውተርህ ላይ ክሮም ስልክ የሚያስመስልበት መሣሪያ የስክሪኑን ስፋት ነው የሚያሳይህ፤ ከሥሩ የሚሠራው ያው አዲሱ ብሮውዘር ነው።