ዩኒቨርሲቲ ይዘጋ ማለት ምን ማለት ነው?

የአለማያ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ውስጥ አንዱ «ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ አጥ ነው የሚያመርቱት፤ ግማሾቹ ተዘግተው ቴክኒክና ሙያ ይሁኑ» ብሎ ጻፈ። የላይኩን ብዛት ሳይ አመመኝ። አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት አረም የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት ዶክተር ገቢሳ እጄታ የአለማያ፣ የዛሬው ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ምሩቅ ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። አቀንጭራ ማሳውን የጨረሰበት ገበሬ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። ይሄ ምርታማነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ቶርኖ ቤት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አላጠፋውም። ዶክተሩ የሠሩት የት ነው? ሱዳን፣ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። አለማያ ሰው አወጣ፤ አገር ግን አልተጠቀመበትም። ያልኩትም ይሄንኑ ነው።

የአለማያ ልጅ፦ አላልክም! «ሥራ አጥ ነው የሚያመርቱት» ነው ያልከው። ደግሞ ዘሩ እኛም አገር ገብቷል። ሥራ የሚፈጥር ከሌለ ጥፋቱ የአስተማረው ነው?

ሜካኒካል 2009፦ እኔ ከቶርኖ ቤት ጋር ነኝ። የ70/30 ጊዜ ልጅ ነኝ። ከመቶ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል እኛም ገባን። ወርክሾፑ ውስጥ የሚሠራው ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ አንድ ብቻ ነበር። ቴክኒሻኑ ሲያሠራው ክላሱ በሙሉ ከቦ አየ፤ እጁን ያስነካ የለም። ሌላው ማሽን ከነላስቲኩ ጥግ ይዞ ቆሟል። ሥራ ስይዝ የካሊፐር፣ የመለኪያ መሣሪያውን፣ አያያዝ ያሳየኝ ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ ባለሙያ ነው።

መምህርት፦ ልጄ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን ለምን እንዲህ ሆነ? ለረጅም ጊዜ የነበሩን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ሕንፃው ቶሎ ይቆማል፤ መምህር ግን ቶሎ አይደርስም። አምና የተመረቀ ልጅ ዘንድሮ እንዲያስተምር ተደረገ። በ2015 ለተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ሲመጣ ከ10 ተፈታኝ 6ቱ ገደማ ወደቁ። ከግል ኮሌጆቹማ ከ5 አንዱ እንኳ አላለፈም።

የማታ ተማሪ፦ የግል ኮሌጅን ምን አመጣው? ቀን ሠርቼ፣ ማታ ተምሬ፣ ከኪሴ ከፍዬ ነው የተመረቅኩት። ፈተናውንም አልፌያለሁ። የመንግሥት ብር አልነካሁም።

መምህርት፦ አንቺን አላልኩም እህቴ። ቁጥሩን ነው የተናገርኩት።

የማታ ተማሪ፦ ቁጥሩ ውስጥ እኔም አለሁበት።

ቶርኖ ቤት፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲከፈት የፈለገው ልብስ ሰፊ ነው። ዲግሪ የጠየቀ የለም።

መምህርት፦ የስፌት መስመሩን የሚመሩት ግን ብዙዎቹ ከስሪላንካና ከህንድ የመጡ ነበሩ። በዶላር ይከፈላቸው ነበር። የጎደለን ያ ወንበር ነው! ሰዓት የሚያሰላ፣ ብክነት የሚለይ፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥን ሰው። ዩኒቨርሲቲ ዘግታችሁ እሱን ከየት ልታመጡት ነው?

ቶርኖ ቤት፦ ያ ሰው የሚገኘው ፋብሪካ ውስጥ ከርሞ ነው፤ ሌክቸር ሰምቶ አይደለም።

የአለማያ ልጅ፦ እሺ፣ «ግማሾቹ» ያልካቸው የትኞቹ ናቸው? ስም ጥራ።

ቶርኖ ቤት፦ አንተ መጀመሪያ ለሜካኒካሉ ልጅ መልስ ስጠው። እስካሁን አንዲት ቃል አልተነፈስክም።