ጡረታ ልወጣ ነው፣ ቤቴን ላከራየው ወይስ ልሽጠው? የግብሩ ነገር አስጨንቆኛል

የሽምብጧ መምህርት፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ዋላችሁ። ሰኔ ላይ 60 ይሞላኛል። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ከባለቤቴ ጋር የሠራነው ቤት አለኝ፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ ፔዳ ጋ ስለምትኖር እኔ ጋ ግቢ እያለችኝ ነው። ቤቱን አከራይቼ ሦስት አራት ዓመት በኪራዩ ልደጎምና ከዛ ልሽጠው ብዬ ነበር። ግን የጡረታ አበሉና ኪራዩ ተደምሮ ግብር ይበላዋል ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ደመወዜ ተቆርጦ ነው ሲደርሰኝ የኖረው፣ ገቢዎች ደጃፍ ረግጬ አላውቅም።

ጡረተኛው፦
እትዬ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። አበሉ ግብር የለውም፣ ከኪራዩም ጋር አይደመርም። ኪራዩ ግን ለብቻው ግብር አለው፣ ሄደው የሚያስታውቁትም እርስዎ ነዎት። በየወሩ ከኪራዩ ለይተው ያስቀምጡ፣ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉንም ለአስቤዛ ጨርሼ ሐምሌ ሲገባ ተበድሬ ነው የከፈልኩት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔን ያሳሰበኝ "አከራይቼ ከዛ ልሽጥ" ያሉት ነው እማማ። ቤት ሲሸጥ ካፒታል ጌይን የሚሉት ግብር አለ፣ ከትርፉ 15 በመቶ፣ ስም ሊዛወር ሲል ይጠየቃሉ። ከመሸጡ በፊት 2 ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ የነበረ ቤት ግን ነፃ ነው። አከራይተው ከወጡ በኋላ ቢሸጡት ይሄ ነፃ መሆኑ ይቀርብዎታል፣ ያኔ በተሠራበት ዋጋና በዛሬው የባሕር ዳር ዋጋ መሃል ያለው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መሸጡ ካልቀረ እየኖሩበት ይሽጡት፣ ማከራየቱ ካመዘነብዎት ደግሞ ያንን 15 በመቶ አስልተው ይግቡበት። ካከራዩም ተከራዩ በራሱ ወጪ የሚያድሰው፣ ለሶፋና ለአልጋ ብሎ የሚጨምረውም እንደ ኪራይ ገቢ ይቆጠራል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ሰው የድሮውን ማስከፈያ ቁጥር ቢነግርዎት አይቀበሉ፣ ለኪራዩ ከተማው ገቢዎች ሄደው አዲሱን ሠንጠረዥ ይጠይቁ። የባለቤትዎንም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ካላወጡ ከአሁኑ ይጀምሩት፣ ያለሱ ሽያጩ አይሄድም።

የሽምብጧ መምህርት፦
ተባረኪ ልጄ፣ ወራሽነቱን እንኳ አውጥቻለሁ። እንግዲያ ልጄ ጋ ለመግባት አልቸኩልም። ሰርቪሷ ውስጥ የእህቴ ልጅ አለ፣ ፖሊ ነው የሚማረው፣ ሳንቲም አልቀበለውም፣ እሱስ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ካልተቀበሉት ምን ኪራይ አለና እማማ፣ ይማርበት። ሰርቪሷን ለሌላ ሰው በገንዘብ እንዳይሰጧት ብቻ፣ "ሙሉ በሙሉ መኖሪያ" የሚለው ላይ ጥያቄ ያስነሳል።