የአሮጌዋ ባለሸራ ጀልባዬ ወለል በስብሷል፤ እንዴት ልጠግነው?

የተከበራችሁ የሙያው አዋቂዎች፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የምጓዝባት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች ባለ27 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ፤ ብዙ የደከምኩባት ስለሆነች በጣም እሳሳላታለሁ። ባለፈው ወር የምሰሶው መወጠሪያ ሽቦ የሚታሰርበት ብረት ወለሉን አልፎ በሚወርድበት ቦታ ስረግጥ፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሰርገድ አለ። በመዶሻ እጀታ ሳንኳኳው ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ይህኛው ግን የታፈነ ነው። ከውስጥ፣ ከወለሉ ሥር ባለው ክፍል ጣሪያ በኩል በትንሹ ብበሳው፣ ሲጨምቁት ውኃ የሚወጣው ጥቁር የእንጨት ብስባሽ ወጣ፤ በሁለቱ የፋይበርግላስ ንብርብሮች መካከል ያለው ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት በስብሷል ማለት ነው።

አንዳንዶች ቀዳዳ በስቼ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ማጣበቂያ) እንዳፈስበት ይመክሩኛል፤ ነገር ግን ኢፖክሲ እርጥብ እንጨት ላይ በደንብ ስለማይይዝ፣ ይህ ችግሩን መሸፈን እንጂ መጠገን አይመስለኝም። የላይኛውን ንብርብር ቆርጬ ባልሳውን ለመተካት አስቤያለሁ። የቸገረኝ፣ ያንን ብረት ስፈታ ምሰሶውን ማውረድ ግድ ነው ወይስ በሌላ ገመድ ወጥሬ ማቆየት ይበቃል? ብረቱ በሚያልፍበት ዙሪያስ ባልሳ ልመልስበት ወይስ ድፍን ፋይበርግላስ ላድርገው? ቅዝቃዜው ገብቶ ኢፖክሲው አልደርቅ ሳይል መጨረስ ስለምፈልግ፣ በእጃችሁ የሠራችሁት ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።