ከሰል ለሚገባበት ሕንፃ የትኛው ሴንሰር ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ የቤተሰብ ሕንፃ አለን፣ ታች ሱቅ፣ ላይ ተከራዮች። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተከራያችን ቡና አፍልታ ስትጨርስ፣ ፍሙ እንዳይባክን ብላ ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘግታ ተኛች። ሌሊት ሲያስመልሳት ጎረቤቷ ሰምታ በሩን ባታስከፍት ኖሮ አልቆላት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በየክፍሉ የጭስ ሴንሰር ላስገጥም አስቤያለሁ። ይበቃል? ከዘበኛው ስልክ ጋር ማገናኘት ይቻላልም ይባላል፤ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ 1 (ኤሌክትሪሺያን፣ ኮምቦልቻ)፦
አብሽር ወንድሜ፣ እንኳን ነፍሷ ተረፈ። የጭስ ሴንሰር ግን ለዚህ አይሆንህም። የጋመ ፍም ይህ ነው የሚባል ጭስ የለውም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰው ሳይነቃ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ብለህ ጠይቅ። ጀርባው ላይ ኢኤን 50291 (EN 50291፣ የአውሮፓ የደረጃ ቁጥር ነው) የሚል ካለው ጥሩ ነው፤ ጋዙ 50 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 50 እጅ) ሆኖ ከቆየ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ 300 ከደረሰ ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮሃል። ባትሪ ያለውን ግዛ፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የሚሰቀለው መኝታ ቤት ነው፣ የተኛ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ግድም። ኮሪደር ላይ ብቻ ብትሰቅለው በሩ ተዘግቶ ምን ያደርጋል?

የጭሱ ሴንሰር ለእሳት ነውና እሱንም አትተው፣ ኮርኒስ ላይ ይሁን። ኩሽናና ቡና የሚፈላበት ጋ ግን የሙቀት ሴንሰር አድርግ፤ እጣን በተጨሰ ቁጥር የሚጮህ ነገር ተከራዩ ነቅሎ ይጥለዋል። ቡታ ጋዝ የሚጠቀሙ ካሉ ደግሞ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። የሱ ሴንሰር ዝቅ ብሎ ከወለሉ 30 ሳ.ሜ ግድም ይገጠማል።

መልስ 2 (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)፦
ርካሽ ነው ብለህ በአርዱዪኖ (ለመለማመጃ የሚሆን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚሠራውን ኤምኪው 7 የሚባል የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰር እንዳታስብ። እኔ ሠርቼበታለሁ። 60 ሴኮንድ በ5 ቮልት፣ 90 ሴኮንድ በ1.4 ቮልት እየተፈራረቀ መሞቅ አለበት፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ልኬቱም ይዋዥቃል። ለመማሪያ ጎበዝ ነው፣ የሰው ነፍስ ግን አይጣልበትም። ለዘበኛው ስልክ መልእክት የሚልክ ባለ ሲም ካርድ ሳጥን በላዩ መጨመር ትችላለህ። ኔትወርክ ቢጠፋም አላርሙ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ለብቻው መጮህ አለበት።

መልስ 3 (ነርስ፣ ደሴ)፦
ወንድሜ፣ አላርሙ እስኪመጣ ዛሬ ማታ ራሱ በየበሩ እየዞርክ ንገራቸው፣ ማንደጃ ደጅ ይደር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል ሲመጣ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ተመልሶ ይተኛል፤ በአንድ ቤት ሁሉም አንድ ላይ ከታመሙ ጉንፋን አይደለም። ወደ ውጭ አውጡና በቀጥታ ሐኪም ቤት፣ ኦክስጅን ነው የሚያስፈልጋቸው። ወተት ላጠጣ፣ ሎሚ ላሽትት እየተባለ ጊዜ አይጥፋ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበትን ክፍል አስቀድም። የተረፈችው ልጅስ ታይታለች?

ጠያቂ፦
እህቴ አልታየችም፣ ደህና ነኝ ብላ ቀርታ ነበር። አሁኑኑ ይዣት እሄዳለሁ። ዘጠኝ መኝታ ክፍል አለ፣ ለዘጠኙም ነው የምገዛው። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጻፉልኝ።