በቺፕ ላይ ፕሮቲን ሲለይ ፒኩ ለምን ይሰፋል?

ጥያቄ፦ በመስታወት ቺፕ ላይ በተቀረጸ ቀጭን ቦይ ውስጥ ቀለሞችንና ፕሮቲኖችን በኤሌክትሮፎረሲስ (በኤሌክትሪክ መስክ በማስጓዝ) እየለየሁ፣ ፍሎረሰንሳቸውን (ሲበራባቸው የሚያወጡትን ብርሃን) በ488 ናኖሜትር ሌዘር እለካለሁ። ፍሎረሲን የተባለው ቀለም ብቻውን ሲያልፍ ጠባብ ፒክ (በግራፉ ላይ የሚታይ ጉብታ) ይሰጠኛል፤ በፍሎረሲን አይሶታዮሳያኔት (ከፕሮቲን ጋር በሚያያዝ የፍሎረሲን ዓይነት) ምልክት የተደረገበት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ግን ሰፊና ጅራታም ሆኖ ይወጣል፤ መነሻ መስመሩም (ፒክ በሌለበት የሚታየው ምልክት) ከፍ ብሏል። ችግሩ ከሌዘሩ ነው ወይስ ከናሙናው?

መልስ 1፦ የፒኩ መስፋት ከሌዘሩ የመጣ አይመስለኝም። አልቡሚን በርካታ ላይሲኖች (ቀለሙ የሚያያዝባቸው አሚኖ አሲዶች) ስላሉት ቀለሙ በአንዱ ሞለኪውል ላይ ሁለት፣ በሌላው ላይ አምስት ቦታ ሊያያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሞለኪውሎቹ የተለያየ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይዘው በተለያየ ፍጥነት ይጓዛሉ። ጅራቱ ግን ፕሮቲኑ በቦዩ ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ መሆኑን ያመለክታል፤ ግድግዳውን አስቀድመው በፖሊመር ቢሸፍኑት ይቀንሳል።

መልስ 2፦ ስለ መነሻ መስመሩ ልጨምር። ቦዩን በባፈር (ናሙናው በሚጓዝበት መፍትሔ) ብቻ ሞልተው ይለኩ፤ ምልክቱ ያኔም ከፍ ካለ ጥፋቱ የፕሮቲኑ አይደለም ማለት ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ውሃው ራሱ በ488 ናኖሜትር ሲበራበት በ585 አካባቢ የራማን ብርሃን (ሲበተን የሞገድ ርዝመቱ የተለወጠ ብርሃን) እንደሚበትን ነው፤ ረጅም ሞገዶችን ሁሉ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይህንንም ይዞ ይገባል። ከ510 እስከ 540 ብቻ የሚያሳልፈውን ይሞክሩ።

ጠያቂው፦ በባፈር ብቻም ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ማጣሪያዬም ያሉት ዓይነት ነው። እቀይረዋለሁ፤ አመሰግናለሁ።