ኒውተን የተወለደው መቼ ነው? ሁለት ቀን አገኘሁ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ታሪክ የምጽፍበት የግድግዳ ካላንደር እየሠራሁ ነው። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጃንዋሪ 8 ላይ «ጋሊልዮ በ1642 አረፈ፤ በዚያው ዓመት ኒውተን ተወለደ» ብዬ ጻፍኩ። የኒውተንን ልደት ሳጣራ ግን አንዱ ዲሴምበር 25፣ 1642 ይላል፤ ሌላው ጃንዋሪ 4፣ 1643። ቀኑም ዓመቱም ተምታታብኝ። የቱን ልያዝ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ የምትቆጥረው በአሮጌው፣ በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። ኒውተን ሲወለድ ከአዲሱ፣ ዛሬ አውሮፓውያን ከሚቆጥሩበት ከጎርጎርዮሱ 10 ቀን ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ዲሴምበር 25 ላይ 10 ቀን ደምሪ፣ ጃንዋሪ 4 ይመጣልሻል። ለሌሎቹ ቀኖችሽ ግን 10ን እንዳለ እንዳትወስጂ፤ ልዩነቱ እያደገ ይሄዳል። በ1917 13 ደርሶ ስለነበር ነው የሩሲያው የኦክቶበር 25 አብዮት ኖቬምበር 7 ላይ የሚውለው።

መልስ 2፦
እኔን ያሳሰበኝ የጋሊልዮ ዓረፍተ ነገር ነው። ብትሰርዢው ይሻላል። ጣሊያን ውስጥ አዲሱ አቆጣጠር የገባው በ1582 ስለሆነ የጋሊልዮ ጃንዋሪ 8 በአዲሱ ነው። በአዲሱ ከሄድሽ ኒውተን 1643 ላይ ነው። ሁለቱንም በአሮጌው ካደረግሽ ደግሞ ጋሊልዮ ወደ ዲሴምበር 29፣ 1641 ይመለሳል። በየትኛውም ብትቆጥሪ አንድ ዓመት ላይ አይገናኙም! የሚገናኙት የአንዱን ከአሮጌው፣ የሌላውን ከአዲሱ ስታደባልቂ ብቻ ነው። ኤፕሪል 23 ላይ ሼክስፒርን ካስገባሽም ተጠንቀቂ። እሱ በ1616 ሲሞት በአዲሱ በምትቆጥረው ስፔን ውስጥ ቀኑ ሜይ 3 ነበር።

ጠያቂ፦
ወይኔ፣ ያን ገጽ በጣም ወድጄው ነበር። ግን እውነት ካልሆነ ይውጣ። ስሌቴ ልክ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ 3፦
በሳምንቱ ቀን። አቆጣጠር ሲቀየር ቁጥሩ እንጂ እሁድ፣ ሰኞ የሚለው አይዘልም። በጎርጎርዮሱ 400 ዓመት 146,097 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ስለዚህ የ1643 ካላንደር ከ2043 ጋር አንድ ነው። ስልክሽ ላይ ጃንዋሪ 2043ን ክፈቺ። 4ኛው ቀን እሁድ ነው። ኒውተን የተወለደበት የእንግሊዝ ገና፣ በአሮጌው ዲሴምበር 25፣ 1642፣ እሱም እሁድ ነበር።
አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው እንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ የተገደለበት ጃንዋሪ 30፣ 1649 በጊዜው ሰነድ 1648 ተብሎ ነው የተጻፈው።

ጠያቂ፦
ከፈትኩት፣ እውነትም እሁድ ነው! ኒውተንን ጃንዋሪ 4 ላይ አስቀምጬ ከስሩ «በአሮጌው ዲሴምበር 25፣ 1642» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ከ1752 በፊት ያሉትን የእንግሊዝ ቀኖች አንድ በአንድ ላያቸው ነው። ተባረኩ።